አፉ ያላልኩት ቤት

ሸዋ ሮቢት

ይድረስ ለእናቴ፤

ሼህ አብዱልሰመድ «ልጅቷስ ምን ትላለች?» ብለው ሲጠይቁ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ አጠገብሽ ተቀምጬ ነበር። ልናገር ስል የእጄን አንጓ ያዝሽ። ከዚያ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ «ልጄ ድርሻዋን ለወንድሟ አፉ ብላለች» አልሽ። ሽማግሌዎቹ «አላህ ይቀበላት» ብለው ዱዓ አደረጉ፤ ወንድሜ ሀሩን ከሁሉም ጮክ ብሎ አሚን አለ። በሽማግሌ ፊት የእናትን ቃል ማፍረስ ነውር ነው ብለሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ። ዝም አልኩ። አባቴ የተወልን ቤት ከእጄ የወጣው በዚያች ዝምታ ነው።

አሰላሙ ዓለይኩም፣ እማ። ሰላምታው መቅደም እንደነበረበት አውቃለሁ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? አጣዬ ተስማማሽ? የሀሩን ሚስት ፈሪሃ መድኃኒትሽን በሰዓቱ ትሰጥሻለች? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከንዴቴ በቀር ያመመኝ የለም።

ሀሩን ይህን ቤት ምን ይለው ነበር? «የጅብ ዋሻ»። አባቴ በሕይወት እያለ ላሳምረው ብሎ ግድግዳውን በሲሚንቶ ያስለሰነውም እሱ ነው። በኖራ የተገነባ አሮጌ ጡብ በሲሚንቶ ሲታፈን እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ውስጥ ውስጡን ጨው እያወጣ ይበሰብሳል። ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ የደረጃው ግድግዳ በጣት ሲነኩት እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈር ነበር። አዲስ አበባ ያገኘሁትን ሥራ ትቼ፣ ከግንበኛው ከአብዱልሃዲ ጋር ያን ሲሚንቶ በመሮ እየቀረፍን አወረድነው። ኖራ ጉድጓድ ውስጥ አብላላን፤ ከፈረሰ መጋዘን ጡብ ለቅመን የጎደለውን ሞላን። በሮቢት ሙቀት ሰው ሁሉ ጥላ ሲፈልግ እኔ መወጣጫ ላይ ነበርኩ። ሀሩን በመጣ ቁጥር ከባጃጅ ሳይወርድ «እህቴ ጡብ አገባች! ኒካሁ መቼ ነው?» እያለ ሰፈሩን ያስቅብኝ ነበር። አንቺም ስቀሻል። ያንን አልተቀየምኩሽም።

ቤቱ ሲያምር ግን ዋሻው ቀርቶ «የአባቴ ቤት» ሆነ። አሁን ደግሞ ሊያፈርሰው ነው፤ ለዋናው መንገድ ቅርብ ስለሆነ ባለ መስታወት ሆቴል ያቆምበታል። አጣዬ የተቃጠለ ጊዜ ሀሩን ከነሚስት ከነልጆቹ ሸሽቶ መጥቶ የተጠለለው የት ነበር? እዚሁ፣ በዚህ ጡብ ውስጥ። ፍራሹን ያነጠፍሽለት አንቺ ነሽ።

ሽማግሌዎቹ ዱዓ ባደረጉ ማግስት ሼሁ ዘንድ ሄጄ «እኔ አፉ አላልኩም» አልኳቸው። «ልጄ፣ እናትሽ ተናግራለች፤ እናት ዋሸች አይባልም» አሉኝ። ቁርኣን የመደበልኝን ማን ይነሳኛል ስላቸው «ሐቅሽ ነው፤ ማን ካደሽ? ጥሩ እህት ግን ትተወዋለች» አሉ። ጥሩ ወንድምስ ምን ያደርጋል ብዬ ጠየቅኳቸው። ስቀው ሻይ እንዲቀዳልኝ አዘዙ።

እማ፣ አሊዩ አምባ ዘመድ ልንጠይቅ ስንሄድ፣ ከወንድምሽ ከሙሳ ቤት አጥር ስንደርስ ሻሽሽን ወደ ፊትሽ ሳብ አድርገሽ በታችኛው መንገድ ትዞሪ ነበር። ለምን አንገባም ስልሽ «ዳገቱ ያደክማል» ትዪኛለሽ። ቤቱ የአባትሽ እንደነበር የነገረችኝ አክስቴ ራቢዓ ናት። ያን ጊዜስ አያቴ ከመጋረጃው ጀርባ አጠገብሽ ነበረች? አንቺንስ እጅሽን ይዛሽ ነበር?

መልስ አትስጪኝ። ባለፈው አንጓዬን ስትይዢ መልሱን ነግረሽኛል።

ለሸሪዓ ፍርድ ቤት አመልክቻለሁ። ቃዲው አንቺንም ያስጠራሻል፤ የምትዪውን አላስተምርሽም። ሀሩን «ከከሰስሽኝ እናትሽን ሁለተኛ አታዪያትም» ብሎ ልኮብኛል። ሲያስፈራራኝ አጠገቡ ከነበርሽ የሰማሽው ነው፤ ካልነበርሽም አሁን እወቂው። እዚህ ደረጃ እንዳትወጪ ብዬ ያሰናዳሁልሽ የምድር ቤት ክፍል አለ። ማንንም አላስገባሁበትም።

አላህ ጉልበትሽን ያበርታልሽ፤ የሆድሽን ፍርሃት ያንሳልሽ፤ በልጅ ቤት የልጅ እጅ ከማየት ያውጣሽ። የጠባሁትን ጡት ሐላል በዪኝ፤ እኔም ያን ቀን ያልሽውን ቂም አድርጌ አልይዝብሽም። ቤቱን ግን አላስፈርስም፤ ድርሻዬንም አልለቅም። ከእንግዲህ እኔ ስጠየቅ ሌላ ሰው እንዲመልስልኝ አልቀበልም፤ አንቺም ብትሆኚ፣ እማ።

ልጅሽ