ባቡር ሲመጣ የሚያንጎራጉረው ቪና

ይድረስ ለማኒ፣ ለእህቴ ልጅ ባል፤

ከተለየኸን መስቀል ዞሮ መጣ። አፈሩ ይቅለልህ እንዳልል አፈር የለህም፤ እንደ አገርህ እንደ ህንድ ልማድ አመድህን ለአዋሽ ሰጠነው። እኔ እንደምታውቀኝ ነኝ። ጥርሴ ረገፈ እንጂ ነገሬ አልረገፈም።

ጓሮ የተከልከው ሎሚ አብቧል። ህንዱ ነጋዴ በአንተ ቦታ አቡጀዲ የሚለካ ሌላ ሰው ቀጠረ፤ ክንዱ ከአንተ ስለሚያጥር ገበያተኛው ሁሉ ያማዋል። ያ ባለ ክር መሣሪያህ፣ ቪናህ ግን ካስተኛኸው ጥግ አልተነሳም ነበር።

በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ፣ የአገርህ በዓል ሲደርስ፣ ያንን የዘንዶ ራስ የተቀረጸበት መሣሪያህን በነጭ ሸማ ሸፍነህ፣ አበባ አኑረህበት ታስተኛው ነበር። ያን ቀን አይነካም። በማግስቱ ጠዋት ታነሳውና ትጫወት ነበር። «ካልተነሳስ?» ስልህ «ተኝቶ ይቀራል፣ ጋሼ» አልከኝ። «እንጨቱ በዓል ያከብራል፤ እኔ ባርፍ ግን ሰነፍ ትሉኛላችሁ!» ብዬ አሳቅኩህ። አምና አስተኛኸው። በማግስቱ ጠዋት ሳታነሳው ንዳዱ ቀድሞ ወሰደህ።

ከዚያ ወዲህ ባቡር በመጣ ቁጥር መሬቱ ሲንቀጠቀጥ፣ ከሸማው ሥር ክሮቹ ያንጎራጉራሉ። ጎረቤታችን ኦቦ ቱፋ ሲሰማ «ያ ረቢ! እዚህ ቤት ሰው አለ» ብሎ እንጀራውን ሳይጨርስ ወጣ።

ሚስትህ አስካለ ግን አልፈራችም። የከፋውም ይኸው ነው። መቃብር ስለሌለህ ያ ጥግ መቃብርህ ሆነላት። ባቡሩ የሚመጣበትን ሰዓት ጠብቃ ከጎኑ ትቀመጣለች፤ መብላት ትረሳለች፤ ጠያቂ ሲመጣ አትነሳም። «አይንኩት፣ ጋሼ። ካነሱት ይሄዳል» ትለኛለች። ያሳደግኳት ልጅ ከሸማ ሥር የሚወጣ ድምፅ እየጠበቀች ስታልቅ ቁጭ ብዬ አየሁ።

ያን ጊዜ የግቢው ወሬህ ትዝ አለኝ። በደቡብ ህንድ፣ በንጉሥህ ቤት፣ ሥራህ ጎህ ሲቀድ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጠህ ንጉሡን በቪና መቀስቀስ ነበር። «ፊትህን እንኳ ሳያዩ?» ስልህ «ይነቃሉ፤ ይበቃኛል» አልክ። አዲሱ ንጉሥ መለከትና ከበሮ ሲወድ ቪናህን ተሸክመህ በመርከብ ጂቡቲ፣ ከዚያም በባቡር አዳማ ወረድክ። እኔ «ገበያው ተበተነ፣ አንተ ገና ክር ትወጥራለህ!» እያልኩ ነገር ስፈልግህ «ትዕግስት ይኑርዎት፣ ጋሼ» ትለኝ ነበር። አስካለን ግን በየማለዳው እንደ ንጉሥ ቀሰቀስካት።

ስለዚህ ዘንድሮ በዓልህ በደረሰ ማግስት ጠዋት «ባልሽ ሰው መቀስቀስ እንጂ ሰው ማስተኛት አያውቅም ነበር» አልኳትና እጄን ወደ ሸማው ዘረጋሁ። አስካለ እጄን ያዘችኝ። ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ «በእርስዎ እጅማ ማገዶ ነው የሚሆነው» አለች። ቀልዷን ከሰማሁ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ራሷ ሸማውን ገለጠች፤ የደረቀውን አበባ አራገፈች፤ ያስተማርካትን አጭር ዜማ እየተሳሳተች ተጫወተች። ክሮቹ ረግበው ስለነበር አንተ ብትሰማ ጆሮህን ትይዝ ነበር። አለቀሰች። ቆይታም የሚበላ ነገር ጠየቀችኝ።

እየበላች ሳለ ባቡሩ መጣ። መሬቱ ተንቀጠቀጠ። አስካለ መዳፏን ክሮቹ ላይ አሳረፈች፤ ምንም አልተሰማም።

ማኒ፣ እሷ አሁን ትበላለች፣ ትተኛለች፣ በኦቦ ቱፋ ፍርሃት ትስቃለች። ባቡር ሲጮህ ሥራዬን ትቼ የምቆመው እኔ ነኝ። በአንተ ስቀልድ የኖርኩት ሰውዬ፣ አንዲት ክር ብቻ ብትል ብዬ ጆሮዬን ወደዚያ ጥግ እሰጣለሁ። ከዚያ ጠዋት ወዲህ ግን አትልም።

በየዓመቱ እናስተኛዋለን፤ በማግስቱም አስካለ ታነሳዋለች። እኔም በሕይወት እስካለሁ አጠገቧ እቀመጣለሁ። አንድ ጠዋት ረስተንህ ካረፈድን ግን ና፤ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀመጥና እስክንነቃ ተጫወት።

ጋሼህ