የኅዳር ሚካኤል ማር

ቁሐር ሚካኤል
ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለባለቤቴ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ብርዱ እንዴት ይዞሃል? ጉንፋኑስ ለቀቀህ? በደብዳቤ ወግ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ ይባላል፤ እኔ ግን ናፍቆቱም ወገቤም አልተዉኝም። የሩዝ አጨዳ ወገብ እንደሚቆርጥ ስታወራው እሰማ ነበር እንጂ በገዛ ወገቤ አላውቀውም ነበር። እናትህ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ አፋቸው እንደምታውቀው ነው። የክረምቱ ጎርፍ ጓሮ ድረስ መጥቶ ተመልሷል። ላሚቱ ወልዳለች።

ደብዳቤ መጻፌ አይግረምህ። ስደውል አታነሳም፤ ብታነሳም ክፍል ውስጥ ነኝ ትለኛለህ። ወረቀት ግን ክፍል ውስጥ ነኝ ተብሎ አይዘጋም። ፀደይ የምትባል ጓደኛዬ ለአጭር ሥልጠና ወደ ጄኔቫ ስለምትመጣ በእጇ ልኬዋለሁ።

እኔም ተማሪ ሆኛለሁ። የሕግ ዲግሪያችንን እንደያዝን የተባባልነውን ታስታውሳለህ፤ አንተ ቀድመህ ሁለተኛውን ትሠራለህ፣ ስትመለስ እኔ እሄዳለሁ፣ እስከዚያው እናትህ ብቻቸውን አይሆኑም። ተራዬ አልደርስ ሲለኝ ባሕር ዳር ቅዳሜና እሁድ በሚሰጠው ገባሁ። ትምህርቱም ያንተው ነው፤ ዓለም አቀፍ የንግድና የኢኮኖሚ ሕግ። ከሁሉ ለምን ይኼን መረጥሽ ብትለኝ፣ ቀኑን ሙሉ ምን ስታስብ እንደምትውል ማወቅ ፈልጌ ነው። ሌላ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም።

ከባሕር ዳር ስመለስ እናትህ ምን ተማርሽ ይሉኛል። ልጃቸው የሚማረውን የሚሰሙ እየመሰላቸው ነው። አንድ ጊዜ፣ የውጭ ዕቃ ኬላውን አልፎ ቀረጡን ከከፈለ በኋላ ከአገሬው ዕቃ አሳንሶ ማየት ክልክል ነው አልኋቸው። ወረታ ገበያ በከረጢት ለሚመጣው ሩዝም ነው ወይ አሉኝ። አዎ ስላቸው ተቆጡ። የኛን ሩዝ ከገበያ ገፍቶ አውጥቶ ደግሞ እንደ ልጅ ይታይልኝ ይላል ብለው፣ ሕጉን ያወጣሁት እኔ ይመስል እራቴን በኩርፊያ አቀረቡልኝ።

ሌላውን ግን አልነገርኋቸውም፤ ላንተ ልንገርህ። ብቻዬን ነኝ። ደብረ ብርሃን ተራራ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ይህ ሜዳ ዓይኔን የማሳርፍበት የለውም። ክረምት ውኃ ነው፣ በጋ ሩዝ ነው። ወረታ ከምሠራበት ቢሮ ስወጣ መገንጠያው ላይ እቆማለሁ። ከጎንደር የመጣው፣ ከባሕር ዳር የመጣው መኪና ሰው ሲያወርድ አያለሁ። ባጃጅ ነጂዎቹ ለምደውኝ የት ልውሰድሽ ማለት ትተዋል። ጎረቤቱ መቼ ይመጣል ሲለኝ ለፋሲካ እላለሁ። የትኛው ፋሲካ ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ አዝነውልኝ መሆን አለበት።

አጨዳው ሲጀመር አጎትህ ጋሼ እንግዳው መጡ። መልእክትህን በስልክ እንደነገርሃቸው አድርሰዋል። እዚያው ሥራ መያዝህን፣ እንደማትመለስ፣ እኔም ገና ልጅ ስለሆንሁ ወደ ወላጆቼ ብሄድ እንደሚሻል፣ ለእናትህም ሠራተኛ እንደሚቀጠርላቸው። አጎትህም አፍረው መሬት መሬት እያዩ ነበር የተናገሩት። በሽማግሌ የተወሰደች ሴት በስልክ ስትመለስ አይቼ አላውቅም። እናትህም አጠገቤ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል።

ኅዳር ሚካኤል ታቦቱ ከገባ በኋላ እናትህ ሽማግሌዎቹንና መሪጌታ ዓለምብርሃንን ወደ ቤት ጠሩ። የበዓሉ ግብዣ መስሎኝ ጠላ ስቀዳ፣ ማንቆርቆሪያውን ከእጄ ተቀብለው ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ከዚያ በሰው ፊት ተናገሩ። ሚስት ትፈታለች፤ እህት ግን አትፈታም፤ ይህችን ልጅ የጡት ልጄ ላደርጋት ነው፤ ከእንግዲህ ከዚህ ቤት ሂጂ የሚላት ካለ አሁኑኑ ይናገር አሉ። የተናገረ የለም። ጋሼ እንግዳውም አንገታቸውን ደፉ።

መሪጌታ ወደ እኔ ዞረው ትፈቅጃለሽ ወይ አሉኝ። ቀስ ብለው፣ የጡት ልጅ ከሆንሽ የእሳቸው ልጅ ወንድምሽ ነው፣ ነገ ብትጸጸቺ መመለሻ የለውም፣ አስቢበት አሉኝ። እናትህ እንደ ጡት የምጠባውን፣ ማር የነካ አውራ ጣታቸውን ዘርግተው ጠበቁኝ። አንተን አሰብሁ። ቢመጣስ ብዬ አሰብሁ፤ እንደው ለአንዱ ፋሲካ። እናቴ ቤት ተመልሼ የምተኛበትን አልጋም አሰብሁ። ከዚያ ጎንበስ አልሁ። ማሩ ጣፈጠኝ ብል እዋሻለሁ።

እልልታው ሲያልቅ ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ። እናታችን ተከትለውኝ ገብተው ነጠላቸውን አለበሱኝ።

መምጣትህን አትተው። አላዘኑብህም አልልህም፤ ሲጸልዩ ግን አሁንም የሚያስቀድሙት ያንተን ስም ነው። እዚያ ያገኘሃት ካለች ይዘሃት ና። እንዳታፍር። ከመንገድ ስትገባ እግሯን የማጥባት እኔ ነኝ፤ ወጉ የኔ ነው።

ሚካኤል በክንፉ ይጋርድህ። የሰው አገር ብርድ አይጥናብህ። የጀመርኸውን ያስፈጽምህ፤ እንጀራህን ከሰላም ጋር ይስጥህ።

እህትህ