የምትታጠፈው የባለቤቴ ብስክሌት

ሚዛን ተፈሪ፣ ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ዛሬ የባለቤቴን ብስክሌት ነዳኋት።

ከወገቧ የምትታጠፍ፣ ጎማዋ ከሰፌድ የማይበልጥ ናት። እሱ ከቴፒ ያመጣት ዕለት በሰፈሩ ሰው ፊት፣ "ትልቅ ሰው በሕፃን መጫወቻ!" ብዬ የሳቅኩበት እኔ ነኝ። በሩ ላይ ወረደ። ዳግም አልወጣባትም። እሱ ከሞተ በኋላም ከቡና ማድረቂያው ጀርባ ዝናብ ሲበላት ዝም ብዬ አየሁ።

የዛገ ማጠፊያዋን በተቃጠለ ዘይት አላቀቅኩት። ለጎማዋ በልኳ የሚሆን ከመነዳሪ ከተማው ውስጥ ጠፋ፤ ጎሚስታው ከትልቅ ላይ ቆርጦ አጣበቀልኝ።

"እትዬ፣ ለማን ነው?"

"ለራሴ።"

ሳቁን እንደምንም አፈነ።

ግቢ ውስጥ ስወድቅ ስነሳ ሰንብቼ ዛሬ ጠዋት በሩን ከፈትኩ። ገና ከመውጣቴ ጎረቤቴ አስካለ ከአጥሯ ማዶ፣ "ኧረ ጉድ! ትልቅ ሰው በሕፃን መጫወቻ!" ብላ ጮኸች። ያንኑ የኔን ቃል፣ እስከ ዛሬ ይዛው ኖሯል። ለመውረድ እግሬን ዘረጋሁ። እሱ የወረደውም እዚሁ ነበር።

እግሬን ፔዳሉ ላይ መለስኩና ደወሉን ደጋግሜ አንጫረርኩባት።

"ነይ ውጪ፣ ከኋላ ልጫንሽ!"

አጥሩን ይዛ በሳቅ ፈረሰች። እኔም እየሳቅኩ እስከ ገበያ ሳልወርድ ደረስኩ።

አሁን ታጥፋ አልጋዬ አጠገብ ቆማለች። ከእንግዲህ ውጭ አላሳድራትም።