ብርጭቆዎቹ ካልሲ ለብሰዋል

ሀሴትዬ፣

ይህ አልጋና ምድጃ የተገጠመለት መኪናሽ የአርባ ምንጭን መንገድ እንዴት ይችለው ይሆን? እንጃ።

ይዘሻቸው የምትዞሪያቸውን እንግዶች ብርጭቆዎች ከመኪናው ላይኛው ቁም ሣጥን አውርጃቸዋለሁ። አንዱን በአንዱ ውስጥ ሰክተሻቸው ነበር፤ መኪናው ሲንገጫገጭ እርስ በርስ ይፋጫሉ፣ ይሰነጠቃሉ። አሁን እያንዳንዳቸው ካልሲ ለብሰው ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ናቸው። መሃል መሃሉን በፎጣ ጠቅጥቄዋለሁ።

አዎ፣ ካልሲዎቹ የአንቺ ናቸው። ታጥበዋል። እስክትመለሺ ያለ ካልሲ ብትጫሚ አትሞቺም።

ትናንት እራት ላይ «የልጅ ልጄ ሹፌር አትሆንም» ያልኩሽ፣
እንግዲህ ደክሞኝ ነው።
ስትነጂማ ከወንድምሽ ከሔኖክ ትሻያለሽ፤ እንዳትነግሪው።

የጠዋት ጸሎት አለብኝ። ብቀሰቅስሽ «ቅሪ» ማለቴ አይቀርም። ስለዚህ በሩን ቀስ አድርጌ ዘግቼ ወጥቻለሁ።