ስለ ሰባቱ ደቂቃና ስለ አባቴ ቀኝ እጅ

ለተከበሩ የጀልባ ማውጫው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ? አሥሩም ጣቶችዎስ ደህና ናቸው? የመጨረሻውን የምጠይቅዎ ለወጉ ያህል አይደለም፤ ሰሞኑን በእኛ ቤት የሰው ጤና የሚለካው በጣት ስለሆነ ነው።

እኔ ከአሥራ ስምንት ቀን በፊት መሥሪያ ቤትዎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የጻፈላት የሸራ ሰፊው ልጅ ነኝ። አባቴ የድንኳን፣ የጭነት መኪናና የጀልባ ሸራ ሲሰፋ አርባ ዓመት ኖሯል፤ ወደ ውሃው በሚወርደው በዚህ ቁልቁለት ጀልባውን ማውረድና ማውጣት የጀመረውም እርስዎ በወንበሩ ላይ ከመቀመጥዎ ብዙ ዓመት በፊት ነው። መልሴን በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ፤ አምስት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ አምስቱንም ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለተባልኩ፣ የስብሰባዎን ጸጥታ ላለማወክ ብዬ ነው። እንግዲህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፣ ከቁልቁለቱ በላይ የነበረውን ሜዳ በአበባ ማሰሮ አጥረው የመኪናዎ ማቆሚያ ስላደረጉት ምስጋናዬ የላቀ ነው። ያ ሜዳ፣ ባለሸራ ጀልባ ከውሃ ያወጣ ሰው ሁሉ የሸራውን ምሰሶ የሚያወርድበት፣ ጀልባውንም መኪናው ከሚጎትተው ተሳቢ ጋር ጥርቅም አድርጎ የሚያስርበት ቦታ ነበር። አሁን ያን ሁሉ የምንሠራው እዚያው ቁልቁለቱ ላይ፣ እግራችንን ውሃ ውስጥ ነክረን፣ ከኋላችን ሰልፈኛው እያጉረመረመብን ነው። አበቦቹ ግን አምረዋል።

ሁለተኛ፣ «አንድ ጀልባ፣ ሰባት ደቂቃ» የሚለውን ሰሌዳ ስለተከሉልንና ከሥሩ ፊሽካ የያዘ ጥበቃ ስላቆሙልን። ጥበቃውን አልወቅሰውም፣ የታዘዘውን ነው የሚሠራው፤ ሰዉም ስሙን ትቶ «ደቂቃ» ብሎ መጥራት ከጀመረ ሰንብቷል። ደንቡን ሲያወጡ ጀልባ ጭኖ የሚያውቅ ሰው እንዳላማከሩ ስለገባኝ ግን እኔ ልንገርዎ። ተሳቢው ጎማው እስኪሸፈን ድረስ በኋላ ማርሽ ውሃ ውስጥ ይገባል። ጀልባዋ እየተንሳፈፈች መሐሉን ትይዛለች፤ አፍንጫዋ ከፊተኛው ብረት ጋር እስኪገጥምም ትሳባለች። ከዚያ የፊት ማሰሪያው መንጠቆ አፍንጫዋ ላይ ባለው ቀለበት ይቆለፋል። መንጠቆው ሳይቆለፍ መኪናው አንድ ስንዝር አይነቃነቅም። አባቴ ይህችን ነገር መንዳት ካስተማረኝ ቀን ጀምሮ እንደ ጸሎት ሲያስደግመኝ ኖሯል፦ «‹ገባ› ሳልልሽ እግርሽን ከፍሬን እንዳታነሺ።»

ሦስተኛ፣ አባቴ ስለተጎዳበት ቀን። የዚያን ቀን መሪውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ነፋስ ስለነበረ ጀልባዋ ሁለት ጊዜ ወደ ጎን ሄደችብን፤ በሦስተኛው መሐሉን ያዘች። አባቴ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ መንጠቆውን ወደ ቀለበቱ ሲያስጠጋ ሰባተኛዋ ደቂቃ ሞላችና ፊሽካው ጆሮዬ ሥር ተነፋ፤ ከኋላ ያሉትም ጥሩምባቸውን ለቀቁት፤ እኔ ሞኟም «ገባ» ሳልባል እግሬን ከፍሬን አነሣሁ። ተሳቢው ወደ ላይ ሲሄድ ያልታሰረችው ጀልባ ወደ ኋላ ተንሸራተተች፤ የአባቴንም ቀኝ እጅ ከተሳቢው ብረት ጋር አጣበቀችው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልሆነም። ይህን የምጽፈው ራሴን ነጻ ለማውጣት አይደለም። በራሴ ላይ ያለኝ ንዴት የብቻዬ ነው፣ ከእሱ ጋር እኖራለሁ። የእርስዎን ድርሻ ግን ልሸከምልዎ አልችልም።

አራተኛ፣ ስለ ደብዳቤዎ። «ተሽከርካሪዎ ቁልቁለቱን ለሃያ ሦስት ደቂቃ በመዝጋቱ» ይላል። ቆጠራው ልክ ነው። አሥራ ስድስቱ ደቂቃ ሰልፈኞቹ ጥሩምባቸውን ትተው ጀልባዋን በትከሻቸው ገፍተው የአባቴን እጅ ያወጡበት ነው። አንድ ሰው እየጮኸ ሰዓት ይያዝበታል? የተያዘውንስ ሰዓት ማኅተም መትቶ ወደ ቤቱ ለመላክ ምን ዓይነት አንጀት ያስፈልጋል? የእጅዎን ይስጥዎ ብዬ እንዳልመርቅዎ አባቴ ከልክሎኛል።

ዛሬ አውራ ጣቱና ጠቋሚው አይታጠፉም። ሐኪሙ «እናያለን» ከማለት ሌላ አልጨመረም። ተቆርጠው ያልተሰፉ ሸራዎች ጠረጴዛው ላይ ተከምረዋል፤ አርባ ዓመት መርፌ የያዘ ሰው ክር ለማስገባት እኔን ይጠራኛል። አስገባለታለሁ፣ ፊቴን ግን እያዞርኩ ነው።

ስለዚህ ሌላ ሰው ሳይጎዳ ሜዳውን ይመልሱልን፣ ፊሽካውንም ያንሡልን። ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላሉ፤ የእርስዎ ደንብ ክፋቱ ግን እምቢ የሚሉት እርስዎ፣ መከራው የሚመክረው ሌላውን መሆኑ ነው።

ለሰዓትዎ ትክክለኛነትና ለአበቦችዎ ልምላሜ ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት እየገለጽኩ፣

እግሯን ፍሬን ላይ ያላቆየችው
የሸራ ሰፊው ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው እሑድ አዲሷን ጀልባዎን ሲጭኑ እኛ ጀልባችንን ልናወጣ ከኋላዎ ተሰልፈን ነበር። አርባ አንድ ደቂቃ ፈጀብዎ፤ «ደቂቃ»ም ፊሽካውን ኪሱ ከትቶ ውሃውን ይመለከት ነበር። መቆየትዎን አልነቅፍም፣ ጀልባ የሚጫነው እንዲያ ነው። ብቻ በስልክ እያወሩ ማርሽ ሊያስገቡ ሲሉ የፊት ማሰሪያዎ አልተቆለፈም ነበር፤ ባለቤትዎም እጃቸውን ያው ብረት ላይ አሳርፈው ነበር። አባቴ ውሃው ውስጥ ሮጦ ገብቶ በግራ እጁ ቆለፈልዎ። ከዚያ «ገባ!» ብሎ የጮኸልዎ ሰው ማን እንደሆነ ዞር ብለው ስላላዩ ልንገርዎ፦ እሱ ነበር።