ጠግባ የተመረመረችው በግ

ለልጄ፣ ለዓይን ማረፊያዬ፤ እንደምን ሰነበትሽ? የያዝሽው ይቅናሽ፣ የሰው ፊት አያሳይሽ። እኛ ደህና ነን። የአባትሽ ጉልበት እንደታሰረ ነው፤ ምላሱ ግን ምንም አልሆነም።

ትናንት የበጎቹን እርግዝና በመሣሪያ የሚያየው ሰውዬ መጣ። ሆዳቸው ባዶ ካልሆነ መሣሪያው ጽንሱን አጥርቶ አያሳይም። ስለዚህ ከዋዜማው ጀምሬ ሳይበሉ በረት ዘጋሁባቸው። አባትሽ በመስኮት ሆኖ፣ "ያቺ አሮጊት ዘንድሮም ባዶ ከሆነች ወደ ባለሉካንዳው ነው የምትሄደው" አለኝ። አንቺ በጡጦ ያሳደግሻትን ማለቱ ነው።

ምን አባቴ ላድርግ? ማለዳ እሱ ሳይነቃ ድርቆሽ በነጠላዬ ሸሽጌ ገባሁና እስክትጠግብ አበላኋት። ሰውዬው እርጉዞቹን ሰማያዊ፣ ባዶዎቹን ቀይ ቀለም እየቀባ እሷ ጋ ደረሰ። ቢያይ ቢያይ፣ "ይቺ ምን ጠቅጥቃ ነው? ምንም አይታይም። ከሁለት ሳምንት በኋላ እመለስባታለሁ" ብሎ ሳይቀባ ለቀቃት። አባትሽ ትክ ብሎ አየኝ፤ እኔም ጉንፋን እንደያዘው ሰው አፍንጫዬን ጠረግሁ።

ለእሷስ ሁለት ሳምንት ተገኘላት። እኔ ከዚህ ግቢ ከወጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። "በጎቹ ይውለዱና እህትሽ ጋ ትሄጃለሽ" ይለኛል፤ ሲወልዱ ደግሞ "ይሸለቱና"። እሱንስ ጥዬው የት እሄዳለሁ?

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ስትደውዪ "ደህና ነሽ ወይ?" አትበይኝ፤ አባትሽ የስልኩን ድምፅ ከፍ አስደርጎ አጠገቤ ይሰማል። "ደህና ነኝ" ከማለት በቀር ምን እላለሁ? በሆዴ ያለው በስልክ አይታይም። መጥተሽ እዪኝ። መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ።

እናትሽ