ሞተርህን ዝቅ አስደረግኳት

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ፣ ለሎጋው፦

እንደምን ከረምክልኝ? ጤናህስ? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ለቀቀህ ወይስ ዛሬም ጎንበስ ስትል ታቃስታለህ? ባለቤትህስ? በፎቶ ብቻ የማውቃት ትንሿስ? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደኅና ነን ይባላል፤ እውነቱን ለመናገር ግን ናፍቆቱም እንደ በፊቱ አይሰማኝም። ከሄድክ ሰባት ዓመት ሆነው። ይህን ስጽፍ ማልቀስ የነበረብኝ ይመስለኛል፤ እንባው ግን የለም።

ሳልጠይቅህ ያደረግኩት ነገር አለና ከእኔው ብትሰማው ይሻላል። ሞተርህን ዝቅ አስደረግኳት፤ ወንበሯንም አስቀየርኩ።

የእማዬ እግር ላይ የወጣው ቁስል በስኳሩ ምክንያት አልድን አለ፤ ሐኪሙም በየሁለት ቀኑ ካልታጠበ እግሩ ይቆረጣል አለን። ጤና ጣቢያው ዳገቱ ላይ ነው፣ አውቶቡሱ የሚያወርደው ከታች፤ እሷ ደግሞ አሥር እርምጃ አትራመድም። ደጃችን ላይ ግን ሞተርህ ቆማለች። ሲመጣ አቧራ ለብሳ እንዳያገኛት እያለች እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ስትወለውላት ኖራለች፤ እግሯ ታሞም አልተወችም። መንዳቱን በምሠራበት መድኃኒት ቤት ዕቃ በምናመላልስባት ትንሽ ሞተር ተምሬያለሁ። ያንተዋ ላይ ስወጣ ግን መሬት የሚነካው የእግሬ ጣት ብቻ ነው። ድንክዬ ያልከኝ በከንቱ አይደለም።

እማዬ መጀመሪያ አሻፈረኝ አለች። የሰው ዕቃ ነው፣ ባለቤቱ ሲመጣ ምን እንለዋለን አለችኝ። ሁሉም እንደነበረ ይመለሳል ብዬ ማልኩላት፤ የሰፈራችን መካኒክም መሰከረልኝ። የኋላዎቹን ሁለት ሞላዎች በአጫጭር ቀየራቸው፣ የፊት ጎማዋን የሚይዙትን ሁለት ቱቦዎችም በመሪው በኩል ትንሽ ወደ ላይ አሳልፎ አሰራቸው፤ ፊቷም ዝቅ አለ። ያንተ ወንበር ለአንድ ሰው የተሠራ ነውና፣ ወንበር አልባሹ ስፖንጁ ሳሳ ያለ፣ ፊቱ ጠበብ ያለ፣ ለሁለት የሚበቃ ሠራልን። ያንተን ሞላዎችና ቡሎኖች እማዬ በጨርቅ ጠቅልላ ከወንበርህ ጋር አልጋዋ ሥር አኖረቻቸው።

የረሳነው የጎን ማቆሚያዋን ነው። ሞተሯ ስታጥር እሱ ረዘመባት፤ ዘንበል ማለቷን ትታ ቀጥ ብላ ቆመች። እኔም መካኒኩም ልብ አላልንም። በማግስቱ ጠዋት እማዬን ልደግፍ ዞር ከማለቴ በወዲያኛው ጎኗ ተጋደመች። እማዬ ሁለት እርምጃ ነበር የቀራት። ብትወድቅባት ኖሮ ብዬ መደንገጥ ሲገባኝ፣ የስፖኪዮውን ስባሪ መልቀም ጀመርኩ።

መካኒኩ መጥቶ አየና ማቆሚያው መቆረጥ አለበት አለ። ይኼኛው ግን አይመለስም፣ በብየዳ ቢቀጠልም ክብደቷን አይችልም፣ ሌላ እንዳይገዛ የዚህች ዓይነቷ ዕቃ ከገበያ ጠፍቷል አለ። እኔ የማልኩት መሐላ አለና ወደ እማዬ ዞርኩ። እማዬ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ በፋሻ የታሰረውን እግሯን አየች፣ ሞተሯን አየች፣ ከዚያ "የኔ ከሚቆረጥ የሷ ይቆረጥ" አለች። መካኒኩ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ማቆሚያው ተቆርጦ ሲያልቅ ሁለት ጣት የምታህለውን ቁራጭ ብረት ከመሬት አንስታ ትንሽ ይዛት ቆየች። ከዕቃህ ጋር ልታስቀምጣት ነው ብዬ ነበር፤ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለቻት። በዚያ ቅዳሜ ሞተሯን አልወለወለችም። ከዚያ በኋላም አልወለወለችም።

ቁስሉ መጥበብ ጀምሯል፤ ሐኪሙ እግሯ ይተርፋል ብሏል። ደስ ሊለኝ ይገባል፤ አንድ ቀን ደስ ይለኝ ይሆናል። አሁን ግን አደርሳታለሁ፣ እመልሳታለሁ፣ በቃ።

እማዬ ወገቤን ይዛ ዳገቱን እስክንጨርስ ትመርቅሃለች። አክስታችን ጉልበቷ ቢደክምም ምላሷ እንደተሳለ ነው፤ ሰላም በይልኝ ብላለች። መካኒኩም እጅ ነስቷል። ባለቤትህን እቀፍልኝ፣ ትንሿን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ አክስት እንዳላትም ንገራት።

ብትመጣ ሞላውም ወንበሩም አልጋው ሥር አሉልህ፤ ሞተሯ በግማሽ ቀን ወደ ቁመትህ ትመለሳለች። ያን ጊዜ ግን ማቆሚያዋ ያጥርባታል፤ ብቻዋን መቆም አትችልምና ግድግዳው ላይ አስደግፋት።

ታናሽ እህትህ፣ ድንክዬ
ከቤታችን ደጃፍ፣ ሰኞ፣ ጥር 19 ቀን